አፈ ማር የተባረረባት ዐረፍተ ነገር

ታላቅ ወንድሜን እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ አገር ምድሩ ግን አፈ ማር ነው የሚለው። የሬዲዮ የኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ነው። እኔ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጬ ብጣሽ ወረቀት አቀብለዋለሁ። ጎል ሲገባ የአግቢውን ዕድሜ፣ ያለፈ ጉዳቱን፣ አልፎ አልፎም አንዲት ጥሩ አባባል ጫር ጫር አድርጌ በክርኑ ሥር አሾልክለታለሁ። እሱ ሳይደናቀፍ ከልቡ እንደ መነጨች አድርጎ ይላታል። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ «አፈ ማር ምን እንዳለ ሰማህ?» ሲባባሉ እኔ ጥግ ይዤ ዝም ነው። ባልደረቦቼ «ብጣሹ» ብለውኛል። አሥራ አንድ ዓመት! ጤፍ ካለው አፍ ያለው ያግባሽ ያለ ሰው የእኛን ስቱዲዮ ሳያይ አልቀረም።

ምን ይደብቁታል፣ እቀናበታለሁ። ጫማው ሲያብረቀርቅ እቀናለሁ፤ ጉንፋን ሲይዘው አድማጩ ሁሉ እግዜር ይማርህ ሲለው እቀናለሁ። እናታችን ሬዲዮኑን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ውይ ልጄን!» ስትል ደግሞ፣ ሁለት ልጅ ነው የወለድሽው ልላት ይቃጣኛል።

አንድ ቀን ከሜዳ ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪና ውስጥ ተቀመጥን። በመስኮቱ አዲሱ ስታዲየም የሚሠራበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ ይታያል። ሦስት የሰፈር ሜዳ ውጧል፤ በአንዱ ላይ ያደግነው እኛ ነን።

«ሦስት የልጆች ሜዳ ደምስሶ አንድ ስታዲየም መሥራት፣ ችግኙን ነቅሎ ፍሬ መጠበቅ ነው» አልኩ። እንዲያው አፌ ላይ መጣችልኝ። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ጠዋት በግል ገጹ ላይ አየኋት። ቃል በቃል፤ ከላይዋ የእሱ ፎቶ። እስከ ምሳ ሰዓት ግማሹ ከተማ አጨበጨበለት፣ ግማሹ ዕድገት ጠል እያለ አብጠለጠለው። ከሰዓት በኋላ ስታዲየሙን የሚሠራው ተቋራጭ ወደ ጣቢያችን ደወለ። የስርጭታችን ስፖንሰርም እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ጋሼን ጠርተው «ወይ ጽሑፉን አጥፍተህ ይቅርታ ጠይቅ፣ ወይ ማይኩን ልቀቅ» አሉት። ጋሼ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። በበነጋው እኔ ተጠራሁ፤ የእሁዱን ጨዋታ አንተ ታስተላልፋለህ ተባልኩ።

አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ደስታዬ ግን ከውጭው በር አላለፈም። ጋሼ ዕቃውን ሊወስድ መጥቶ ኖሮ፣ መንገድ ማዶ ሰው ከቦታል። ወጣቶች አብረውት ፎቶ ይነሣሉ። አንዲት ሴትዮ እጁን ጨብጣ «ለልጆቻችን ብለህ እንጀራህን አጣህ፤ ያኑርልን» ትለዋለች።

ተባሮ እንኳ በለጠኝ! ማይኩንም፣ እሁድንም ረሳሁ። ያልኳት እኔ፣ የተጨበጨበለት እሱ። ከመጣ አይቀር መባረሩም ለእኔ ነበር የሚገባው። ተመልሼ ደረጃውን ወጣሁና ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ያቺን ነገር ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሥራ አስኪያጃችን መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «የቷን?»

«የሜዳዋን። ጋሼ ከእኔ ሰምቶ ነው የጻፋት። የሚቀጡ ከሆነ እኔን ይቅጡኝ።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። ክፋት እንኳ የለበትም ሳቃቸው።

«ስማ ብጣሹ፣ አንተ ብትላት ማን ይሰማሃል? ሰውዬው የደወለው አፈ ማር ስለ ጻፋት ነው። አንተ አደባባይ ቆመህ ብትጮኽ አንድ ስልክ አይጮኽብኝም። ለነገሩ ወንድምህ ይህን ጽፎ ነው የሄደው።»

ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የጋሼ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ሐሳቡ የራሴ ብቻ ነው፤ ወንድሜ የሚያውቀው ነገር የለም። የልጆች አባት ነውና ከሥራው አትንኩብኝ። ጨዋታ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል፤ ማይኩን ለእሱ ስጡት።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለካ ማይኩን ያገኘሁትም በእሱ ቃል ኖሯል።

«በል ይቺን ፈርምና ሂድ፤ ስብሰባ አለብኝ» ብለው ሌላ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። በአፈ ማር ቦታ የሚቀመጥ ሰው የአፈ ማርን ሐሳብ እንደማይጋራ የሚያረጋግጥበት ነው። ቆሜ አየሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ወንበር ነው። የገዛ ሐሳቤን አልጋራም ብዬ ፈረምኩ።

ስወርድ ጋሼ ሰዎቹን ሸኝቶ በሩ ላይ ብቻውን ይጠብቀኛል። ፊቴን አየና ኮሌታዬን አስተካከለልኝ።

«ጎል ሲገባ ከማይኩ ራቅ በል፤ አለዚያ ድምፅህ ይሰነጠቃል» አለኝ። «ደግሞ አትፍራ። ከእኔ ትሻላለህ።»

ቢያሾፍብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ከልቡ ነው።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። የዕቃውን ሳጥን ተቀብዬ ከጎኑ መሄድ ጀመርኩ፤ መንገዱን ሁሉ በደግነቱም ቀናሁበት።