ያልተገለበጠው ቪዲዮ

ስፌት ያስተማረኝ የለም። እትዬ ፈትለወርቅን ለምኛቸው ነበር፤ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለው መንደራችን የእሳቸውን ሙዳይ ሳትይዝ የምትዳር ሙሽራ የለችም። ወስፌውን በግራዬ ስይዝ ሲያዩ ግን ከእጄ ቀሙኝ። በግራ የተሰፋ ለሙሽራ አይሰጥም፣ ዙሩም ወደ ኋላ ነው የሚሄደው አሉ። እኔም የእናቴን አሮጌ ሌማት ፈታትቼ፣ አሠራሩን አይቼ፣ መልሼ ሰፋሁት። እናቴ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ቪዲዮ መልቀቅ ስጀምር ታዲያ ብልጠት አበዛሁ። ምስሉን ስልኬ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ግራዬ ቀኝ ይመስላል። መንደርተኛው እጇ ተቃና ብሎ አወራ። እትዬ ፈትለወርቅ ራሳቸው፣ አብረዋቸው ከሚሰፉት ሴቶች ጋር እንድቀመጥ ላኩብኝ። የተመኘሁት እሱን ነበር፤ ግን ስፌቴን በእጃቸው ከያዙት ዙሩ እንደሚያጋልጠኝ ስለማውቅ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ።

በመሃል አንዷን ቪዲዮ መገልበጥ ረሳሁ። ሰው ሳያያት ላጠፋት ስከፍት የተመልካቹ ብዛት ጉድ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ከቡሳን። ጓደኛዬ ፌበን ኮሪያ ውስጥ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት አለችኝና አስተያየቱን በስልኳ እያስተረጎመች አነበበችልኝ። የጻፉት ግራኝ ሴቶች ናቸው፣ ልጅ ሳሉ ማንኪያ በግራ ያዛችሁ ተብለው የተመቱ። ቅርጫት ሥራ የሚያስተምሯቸው ሁሉ ቀኞች ስለሆኑ፣ ስልካቸውን መስታወት ፊት አቁመው ነው የሚማሩት። አንዷ «ያንቺን ያለ መስታወት አየነው። እባክሽ በቀጥታ ስርጭት ስፊልን» ብላለች።

«ላይቭ ከገባሽ እትዬም ያዩሻል» አለች ፌበን። «አብሮ መስፋቱ ቀረ በይ።»

ለመንደሩ ሁሉ መልስ የማላጣው እኔ፣ እጄን ስደብቅ መኖሬ አንገበገበኝ። እነዚያ ሴቶች ግራ እጅ ፍለጋ መስታወት ውስጥ ሲያዩ፣ እኔ ደግሞ እጄን እገለብጣለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓሯችን ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጬ ላይቭ ገባሁና የጀመርኩትን ሙዳይ መስፋት ቀጠልኩ፤ ስልኩን ፌበን ያዘች። ብዙም ሳልቆይ እትዬ ፈትለወርቅ ቁና ቁና እየተነፈሱ በአጥሩ በር ገቡ። ፌበን ልታጠፋው ስትል ያዢው አልኳት። እሳቸው ሙዳዩን ከእጄ ወስደው ዙሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ስታታልይኝ ነበር» አሉ።

«እርስዎስ እጄን እንጂ ስፌቴን መቼ አዩልኝ?»

ሙዳዩን ገለባበጡት፣ ወደ ብርሃን አነሱት፣ በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«እዚህ ጋ ላልቷል» አሉ በመጨረሻ። «አለላውን ሳታጠብቂ ነው ያለፍሽው። ሰኞ ይዘሽው ነይ፣ ቤቴ ሆነሽ ታስተካክይዋለሽ።»

ከቡሳን አንዷ እኚህ ሴት ማን ናቸው ብላ ጻፈች። አስተማሪዬ ናቸው በያት አልኩ ለፌበን።

«ገና ምኑን ተማረችና» አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው።