ሞተሩ የሸፈነው መዝሙር

በ1976 ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት በወለንጪቲ በኩል ከብቱ አለቀ፤ ከዚያ ሰው መንገድ ያዘ። ናዝሬት ገበያ ጤፍ ታየ ሲባል ሰው ይሮጣል፤ ሲደርስ የለም። እኔ የምሠራበት ወፍጮ ቤት አሥራ አንድ ሳምንት ቆመ።

ወፍጮው የአብዱልጀባር ነው። እኔ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ እህል አፈሳለሁ፣ ድንጋዩን እወቅራለሁ። ደርግ የጴንጤ ነው ብሎ ቤተ ክርስቲያናችንን ካሸገ ወዲህ እሁድ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ከጀርባ ባለው መጋዘን ይሰበሰቡ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ ይዘምራሉ፤ ሞተሩ ሲቆም ዝም ይላሉ። ሕጉ ይኸው ነበር። አብዱልጀባር ሙስሊም ነው፤ የሚሆነውን ግን ያውቃል። አንድ ቀን ብጠይቀው፣ "እኔ ምን ሰማሁ? ሞተርህ አደንቁሮኛል" አለኝ።

ወፍጮ ባዶውን አይዞርም፤ ድንጋዩ ይፋጃል። እህል ከሌለ ሞተር የለም፤ ሞተር ከሌለ መዝሙር የለም። ወጣቶቹ ጆንያ ላይ ተቀምጠው በሹክሹክታ ጸልየው ይሄዱ ጀመር። ከዚያ መምጣቱንም ተዉት። በመጨረሻ ስድስት ቀሩ።

ወዬሳ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የመቂ ገበሬ ነው፤ ከወንዙ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና በቆሎ ያለማል። ልጁ ሽታዬ ናዝሬት አክስቷ ቤት ሆና ትማር ነበር፤ ከስድስቱ አንዷ እሷ ነች። ሁለት ኩንታል በቆሎ ከሽንኩርት ጭነት ሥር ደብቆ እህል የሚወረስበትን ኬላ አሳለፈ።

"አምባዬ፣ በአንድ ጊዜ እንዳትፈጨው" አለኝ። "እሁድ እሁድ ጥቂት ጥቂት አድርግ።"

ስድስት እሁድ ፈጨሁት። የማን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ዱቄቱን ለተራቡት አከፋፈልን፤ ልጆቹም ተመለሱ። ወዬሳን ምን ልክፈልህ ስለው ራሱን ነቀነቀ።

"ሽታዬ ቤቷ በኦሮምኛ ትዘምራለች። እዚህ አፏን ዘግታ ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን ቆማ በቋንቋዋ ታዘምር።"

"ይሁን" አልኩት።

አምስት ዓመት ሳልፈጽም ቀረሁ።

ፕሮግራሙን የሚጽፈው የመዘምራኑ መሪ ኃይለየሱስ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው። ሁለት ጊዜ አነሳሁበት። "ጋሼ፣ ሁሉም የሚሰማው አማርኛ ነው" አለኝ። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ በቋንቋዬ ስለሚዘመር ነገሩ አልከበደኝም። ተውኩት። ግን አያለሁ። ከሁሩታ፣ ከወለንጪቲና ከመቂ የሚመጡት ከኋላ፣ ከጆንያው ጋ ይቀመጣሉ። መዝሙር ሲጀመር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ጸሎት ምሩ ሲባሉ መሬት መሬት ያያሉ። ሽታዬ በየዓመቱ ከመካከላቸው ነበረች።

በ1982 ጥር ላይ የአራቱ ከተማ ወጣቶች አንድ ላይ መጡ። ስልሳ ያህል ነበሩ። ሽታዬ ነርስነት ጨርሳ ጎባ ተመድባለች፤ ማክሰኞ ትሄዳለች። ወዬሳም የሚፈጭ በቆሎ ይዞ መጥቷል። የፕሮግራሙን ወረቀት አየሁት። ቀስ እያልኩ አነባለሁ። የሚያዘምሩት አምስት ናቸው፤ አምስቱም የናዝሬት ልጆች።

ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ።

ኃይለየሱስ መጣ። "ጋሼ፣ ሰው ይጠብቃል።"

"ይጠብቅ።"

"ተበላሸ እንዴ?"

"ደህና ነው። ሽታዬ ታዘምር፣ ይነሳል።"

"በኦሮምኛ?" ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። "ቀበሌ ቢሰማ ጠባብ ብሔርተኞች ይለናል እኮ!"

"በአማርኛ ስትዘምር ቢሰማህስ?"

"ጸረ አብዮት።"

"እስር ቤቱ ያው አንድ ነው።"

ሳቁ አመለጠው። ቶሎ ግን ፊቱን ሰበሰበ። "እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ፣ ምን እንደምትል ሳላውቅ እንዴት እመራለሁ?"

"አትመራም። ትቀመጣለህ። እነሱ ሲቀመጡ ኖረዋል።"

ከዚያ ስለ በቆሎውና ስለ ቃሌ ነገርኩት። በዚያ ክፉ ዘመን ከቀሩት ስድስት አንዱ እሱ ነበር።

"ያን በቆሎ ያመጣው የሷ አባት ነው?" አለ። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ጥፋቱ የኔ ነው።"

እስክሪብቶ አወጣና ስሟን ከአምስቱ በላይ ጻፈ።

ሞተሩን አስነሳሁ። የመጋዘኑ በር ክፍት ስለነበር ሁሉም ይታየኛል። ሽታዬ ቆመች። መጀመሪያ ድምጿ ከሞተሩ በታች ነበር።

"አንቺ!" አላት አንድ የሁሩታ ልጅ ከኋላ፤ "ጎባ ሆነሽ ነው ወይ የምትዘምሪው?"

ተሳቀ። እሷም ሳቀችና ድምጿን ከፍ አደረገች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከጆንያው በኩል ተቀበሏት። ቆሙ። ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ አራት ናቸው። ይህን ሁሉ ድምፅ የት አስቀምጠውት እንደኖሩ እንጃ። ኃይለየሱስ ከፊት ተቀምጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ የለውም።

መዝሙሩ ሞተሩን አለፈው። ነዳጅ ጨመርኩ። አሁንም አለፈው። ወደ ደጅ ብመለከት አብዱልጀባር በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ሰላም ላለው ሁሉ እጁን ጆሮው ላይ እያደረገ አልሰማም ይላል።

ወዬሳ ከጎኔ ሆኖ በቆሎውን በጣሳ ወደ ወፍጮው ያፈስ ነበር። እጁ ቆመ። ድንጋዩ ባዶውን እንዳይዞር ጣሳውን ተቀብዬ እኔ አፈሰስኩ። እስኪጨርሱ ድረስ አፈሰስኩ።

ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። ዱቄት በዱቄት ነው።

"ቆየሁብህ" አልኩት።

"ቆይተሃል" አለ። "ግን ምንም አላጎደልክም።"

ጣሳውን ወሰደና ወደ በቆሎው ተመለሰ።