የጤነኞች ሐኪም

ኦብራድ ልጁ ሐኪም መሆኗን ለከተማው ሁሉ ለፍፎ ሳይጨርስ ነበር ሴንካ «የስፖርት ሕክምና ነው የምማረው» ብላ ጉድ ያፈላችው። የመጠጥ ቤት ጓደኞቹ ልጆች አንዱ የልብ፣ አንዱ የዓይን ሐኪም ሆነዋል። የእሱ ልጅ ግን ቱታ ለብሳ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫዋቾችን ቁርጭምጭሚት ትጠቀልላለች።

«የጤነኛ ሰው ሐኪም!» ይላል የፕለም አረቄውን እየጨለጠ። «ለጻድቃን ብቻ ንስሐ የሚሰጥ ቄስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አባዬ፣ ጤነኛ እንደሆኑ እንዲቆዩ እኮ ነው።»

«እሱንማ እናታቸውስ መች አጣችው? ላብ እያላችሁ ነፋስ አይምታችሁ ማለት ነው!»

ስለዚህ ኩሙን ለመነ። ኩም ማለት ያኔ በሰርጉ ሚዜ፣ ኋላም ለልጁ የክርስትና አባት የሆነው ሰው ነው፤ ኩም ያለው አይመለስም። ኩም ቩካሺን ሴንካ የምትሠራበት የእግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት ሲሆን ከሆስፒታሉ ዳይሬክተር ጋር በየዓመቱ አብረው አሳማ ያርዳሉ። ለሴንካ በቀዶ ሕክምና ክፍል ቦታ አገኘላት። እሷ የምትወደው ሜዳዋን ነበር፤ ግን የሁለቱን ሽማግሌዎች ደስታ እያየች እምቢ የምትልበት አፍ አጣች።

እሑድ ከጎረቤት ከተማ ጋር የሞት ሽረት ጨዋታ ነበር። አጥቂው ግቮዝደን ኳስ በጭንቅላት ለመምታት ሲዘል ከተከላካዩ ጋር ተላተመና ተዘረረ። ሴንካ ሮጣ ደረሰች።

«ስምህ ማነው?»

«ግቮዝደን።»

«ስንት ለስንት ነን?»

«ዜሮ ለዜሮ።»

ሁሉንም መለሰ። የዓይኑ አስተያየት ግን አላማራትም። «ይወጣል» አለች።

«ሴንካ!» ብሎ ጮኸ ኩም ከመስመሩ ዳር። «ሁሉን መልሷል እኮ! የክርስትና አባትሽ ነኝ የምልሽ!»

ከተመልካቹ መሃል ከሁሉ በላይ የሚሰማው ግን የአባቷ ድምፅ ነበር፦ «ተይው ይጫወት! አታዋርጂኝ!»

ሴንካ ግን ቅያሪ እንዲገባ ምልክት ሰጠች። ይኼኔ ግቮዝደን ብድግ ብሎ ወደ ዳኛው አመራ። ተመልካቹ ሊሰድብለት መስሎት በደስታ ጸጥ አለ። ግቮዝደን ግን ዳኛውን አቀፈው።

«እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» አለው ሁሉ እየሰማ። «በሐቅ ነው የምታጫውተው።»

በዚያ ሜዳ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ አማተቡ። ዳኛው ራሱ ደንግጦ አፈገፈገ።

«ወይኔ!» አለ ኦብራድ አጥሩን እየዘለለ። «ይሄ ልጅማ አልቆለታል! ልጄ፣ ቶሎ በይ አምቡላንስ!»

አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ከሆስፒታል ተደውሎ የግቮዝደን አንጎል ተናውጦ እንደነበር፣ ደግነቱ በጊዜ እንደደረሰና እንደሚድን ተነገራቸው። ኩም ግን ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ በልብስ መቀየሪያው በር ላይ ቆሟል።

«ነገውኑ ቀዶ ሕክምናዋን ትጀምር! ከሜዳዬ ውሰድልኝ!»

ኦብራድ ጭቃ የለወሰውን የልጁን ቱታ አየ።

«አትሄድም። አትቀየመኝ፣ ኩም፤ ቦታውን ለሌላ ስጥ። እኛ ሁላችን ጤነኛ ነው ስንል ያየችው እሷ ብቻ ናት።»

«ኩምህን እምቢ አልከኝ? አንተም ጭንቅላትህን ተመታህ እንዴ?»

ሴንካም ኩም እውነቱን ይሆን ብላ ሰጋች። ጠጋ አለችና ጣቷን ከአባቷ አፍንጫ ፊት አነሳች።

«አባዬ፣ ጣቴን ተከተል።»

ኦብራድ ሳይጨቃጨቅ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ተከተለ። ከተወለደች ጀምሮ ወደምታሳየው ሲያይላት ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ምርመራው ካለቀ በኋላም ጣቷን ማውረድ አልሆነላትም።