አንድ ሚሊቮልት

ቅናት ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም።

ታናሽ እህቴን ሚጣን የብየዳ ካውያ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እርሳስ ሲቀልጥ ጭሱን ወደ ውስጥ እንዳትስብ፣ ሽቦ ስትቆርጥ ዓይኗን እንድትጠብቅ የነገርኳት እኔ ነኝ። አሁን ሁለታችንም የልብ ምት መለኪያ በሚገጣጠምበት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንሠራለን። ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እሷን ነው።

የልብ የኤሌክትሪክ ሞገድ አንዴም አይቆምም፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ወደ ቁጥር የሚቀይረው ቺፕ ደግሞ ቆጥሮ እስኪጨርስ ጊዜ ይፈልጋል። እየቆጠረ ሳለ ቮልቱ ከተንቀሳቀሰበት የሚያወጣው ቁጥር ውሸት ነው። ስለዚህ ከቺፑ በፊት አንዲት ትንሽ ሰርኪዩት እናስገባለን። የዚያችን ቅጽበት ቮልት ቀለብ አድርጋ ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅም ካፓሲተር ላይ ታስቀምጥና ቆጠራው እስኪያልቅ ይዛ ትቆያለች። እኛ «ያዥ» እንላታለን። ሚጣ ይህን ስም ከሰማች ጀምሮ፣ «ከእትዬ የበለጠ ያዥ ከየት ይመጣል? የዛሬ አሥር ዓመት ሳላስፈቅድ ያደረግኩትን ጫማዋን እስከዛሬ ይዛብኛለች። ቂም ያዥ!» እያለች ሰዉን በሳቅ ታፈርሰዋለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ አንጀቴ እያረረ።

አንድ ቀን ኢንጂነሩ ሁለታችንም የየራሳችንን ያዥ ሠርተን እንድናመጣ አዘዙን። የተሻለው መሣሪያው ውስጥ ይገባል፤ የሠራችው ደግሞ አዲሱን የፍተሻ ክፍል ትመራለች። እንዲህ ያለ ክፍል ለመምራት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄአለሁ። ሚጣ እዚህ ከገባች ገና ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

የኔን ሁለት ቮልት አስይዤ አሥር ሰከንድ ብጠብቅ ሦስት ሚሊቮልት ብቻ ወረደ። ማንም አይነቅፈውም። የሷን ስትለካ ሰረቅ አድርጌ ሳየው የወረደው አንድ ብቻ ነው። የካፓሲተሩን እግር ዙሪያውን በመዳብ መስመር አጥራዋለች፤ ቮልቱ በቦርዱ ላይ የሚያፈተልክበት ቀዳዳ የለውም። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ከየት አመጣችው? ማታ ቤት ስንገባ እናታችን በር ላይ፣ «የኔ ብልህ፣ ደከመሽ?» ያለቻት እሷን ነው። እኔ የሁለታችንንም ቦርሳ ተሸክሜ ከኋላ ቆሜ ነበር።

በፈተናው ቀን ጠዋት ሚጣ ቦርዷን ጠረጴዛዋ ላይ ትታ እጇን ልትታጠብ ወጣች። እኔ የእጅ ክሬም እየተቀባሁ ነበር። በሙያችን ያለቀለትን ቦርድ በባዶ እጅ መንካት ነውር ነው። የጣት ቅባት ለዓይን አይታይም፣ ግን የተያዘው ቮልት በሱ ላይ ሾልኮ ያልቃል። ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ስላወቅኩም ነው ያደረግኩት። አውራ ጣቴን ካፓሲተሯ ላይ ጫን አድርጌ ሁለቱን እግሮች በቅባት አገናኘኋቸው። አጥሯ ምንም አላዳናትም።

ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ኢንጂነሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የቮልት መለኪያውን አነበቡ። የኔ ሦስት። የሷ አርባ።

«አርባ?» አሉ።

ሚጣ ክው አለች። እኔ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ሰውነቴ ሁሉ ቅልል አለኝ።

እሷ ቦርዱን በጠርዙ አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠችው። ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የኔ ክሬም ሎሚ ሎሚ ይሸታል። እሷ ቆዳዋ ስለሚቆጣ ምንም አትቀባም፤ ክፍሉ ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቀና ብላ አየችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ኢንጂነር» አለች። «ጠዋት ክሬም ተቀብቼ ሳላስበው ነካሁት። ክፍሉ ለእትዬ ይገባታል። እሷ እንዲህ ዓይነት ስህተት አትሠራም።»

«ማመንሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው» አሉ ኢንጂነሩ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ። ሰዉ በአድናቆት ያያት ጀመር። እኔን አንድ ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ፤ እሱም ዓይኑ እሷ ላይ ነበር።

ኢንጂነሩ የክፍሉን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡት። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ነገር ታናሼ የመጸወተችኝ ሆኖ መጣ። እንደማትናገርብኝ አውቃለሁ፤ ዛሬም፣ ነገም፣ ስናረጅም ትንፍሽ አትልም። እኔ ግን በየቀኑ ከዚህ ደግነቷ ፊት ለፊት ተቀምጬ ልሠራ ነው።

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «እሷ ክሬም አትቀባም። የኔ ጣት ነው፤ ሆን ብዬ ነው የነካሁት።»

«እትዬ፣ ምን ነካሽ?» አለችና ሚጣ ማልቀስ ጀመረች። ኢንጂነሩ ቁልፉን ከእጄ ወስደው ለሷ ሲሰጧት እንኳ አላቆመችም።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ሰው እውነቱን በመናገሬ ያከብረኛል። ተሳስቷል። እናቴን ወሰደችብኝ፣ ክፍሉንም መውሰዷ አልቀረም። ጥፋቴን ደግሞ ልትወስድብኝ? እሱን አልሰጥም አልኩ።