ማር የገባበት አብሽ

ቀላ፣ ደግሞ ቀላ፣ ዓይኗ እያየ። ይመኙሻል ከአግዳሚው ብድግ ትላለች፣ መልሳ ትቀመጣለች። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ወልደ ሰንበት የባሏን ሽንት ከሰማያዊው መድኃኒት ጋር በመስታወት ቱቦ አድርጎ እሳት ላይ ይዞታል፣ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም፣ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት ነው፣ ይሄ ግን ጡብ ነው የመሰለው፣ ባለፈው ወር አረንጓዴ አልነበር እንዴ፣ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ በጭነት መኪና ተንገላተው የመጡት ይህን ሊያዩ ነው? ባሏ ቄስ ገብረአማኑኤል ከጎኗ ተቀምጦ በጨርቅ የታሰረ እግሩን ያያል። አውራ ጣቱ ጠቁሯል። ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፣ ካልዳነ አዲስ አበባ ይሄዱና ይቆረጣል፣ ብሎ ነበር ድሬሰሩ፣ ስለ ጥፍር እንደሚያወራ ሰው። ልበ ደረቅ።

አብሽ ይጠጡ ያለውስ ማን ነው? እሱ ራሱ። ኪኒኑን እንዳይተዉ፣ ከምግብ በፊት ደግሞ የአብሽ ውሃ፣ አብሽ ሆድ ውስጥ ያዝ ስለሚያደርገው ስኳሩ ቀስ እያለ ነው ወደ ደም የሚገባው፣ የስንዴውን ዳቦ ትተው ገብስ ይብሉ፣ ገብስ ቶሎ አያስርብም። እውነቱን ነው፣ አትክድም። በልቶ ሳይነሳ የሚርበው፣ እንስራ ሙሉ ውሃ ጠጥቶ የማይረካው ሰውዬ፣ አብሹን ጠጥቶ በሶውን ከበላ እስከ ማታ ምግብ አያነሳም ነበር።

ግን ከሳ። ቀሚሱ ሰፋው። እሱ ሲከሳ አገር ምድሩ አፉን ከፈተ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ፣ ጓድ ጓድ ሲባባሉ ውለው፣ ሊቀመንበሯ ወደ እሷ ዞር ብላ፣ ምነው ይመኙሻል፣ ቄሱን በጾም ጨረስሻቸው? ሳቅ። ከቀበሌ የምትወስጂውን ስኳር ለማን ነው የምታደርጊው? ደግሞ ሳቅ። አፋቸው ይቆረጥ! የባሏ እህት ወርቅአገኘሁም አልቀረችም፣ ከአልዩ አምባ ገበያ የማር ማሰሮ አዝላ ዳገቱን ወጥታ፣ ወንድሜን በባዶ አብሽ ልትገይው ነው፣ አብሽ ያለ ማር ማን ጠጥቶ ያውቃል፣ ለአራሱም ለከሳውም በማር ተመትቶ አይደል የሚሰጠው፣ የከለከሉት ስኳር ነው፣ ይሄ ማር ነው፣ ንብ የሠራችው። ማሰሮውን አስቀምጣ ሄደች። እሷ ናት! ወንድሟን የጨረሰችው እሷ ናት፣ አንኮበር ስትደርስ አንገቷን ነው የምታንቃት።

አስቀምጣ ሄደች።

ማንኪያውንስ ማን ያዘ? አብሹን ዘፍዝፎ ያሳደረ፣ መራራ ውሃውን የደፋ፣ አረፋ እስኪያወጣ የመታ እጅ የማን ነው? አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ለእሑድ፣ ጉንጩ ሞላ ይበልልኝ፣ ሰው አይቶ አፉን ይዝጋልኝ፣ ከዚያ በየጠዋቱ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት። ዛሬስ ጣፈጠኝ ሲላት እንዴት ደስ አላት! ደንቆሮ። የጎረቤት ዓይን ከባሏ እግር በለጠባት።

ድሬሰሩ ቱቦውን ከእሳቱ ያወርዳል። ምንድን ነው የምትሰጫቸው? አብሽ። በምን? ወርቅአገኘሁ በይ፣ ይላታል ልቧ፣ እዚህ የለች፣ አትሰማ።

በማር ነው፣ ይላል ገብረአማኑኤል፣ እኔው ነኝ ተደብቄ የምጨምረው፣ እሷ አታውቅም። ድሬሰሩ ይጮህበታል፣ ቄስ አይደሉም እንዴ፣ ሆድዎን መግዛት ያቅትዎታል፣ እግርዎን እኮ ነው የበሉት! እሱም እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ይደፋል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሲዋሽ ሰምታው አታውቅም፣ ማን ለመነህ፣ ማን ሸፍነኝ አለህ፣ የእኔን ጥፋት በቆሰለ እግርህ ልትሸከምልኝ፣ ንዴቱ ደረቷ ላይ ይፈላል፣ በእሱ ይሁን በራሷ አታውቅም፣ ብድግ ስትል ነጠላዋ ይወድቃል፣ አታነሳውም።

ይዋሻሉ፣ ትላለች፣ በተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ፊት። ቄሱ ይዋሻሉ። የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በየቀኑ፣ በዚህ እጄ፣ መሳደብ ከፈለግህ እኔን ስደበኝ!

ድሬሰሩ አይሳደብም። ቁጢጥ ብሎ ጨርቁን ይፈታል፣ ጣቱ ስሜት ካለው ገና ተስፋ አለ፣ ይላል፣ የጠቆረውን በመርፌ ጫፍ ወጋ ያደርጋል። ይሰማዎታል?

ይሰማኛል፣ ይላል ገብረአማኑኤል።

ይመኙሻል ፊቱን ታያለች። ትናንት ቢሆን ታምነው ነበር።