የጨርቋ ጅግራ

ሙሐመድጣሂር በሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ ባለችው በኮኪት ገበያ የተከበረ ሰው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ስኳርና ተምር ሸጧል፤ ከቤቱ ጀርባ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል፤ ሲራመድ እንኳ ጀለቢያውን አቧራ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ነው። ይኸው ሰውዬ በነሐሴ ወር፣ በቤቱ ግድግዳና በእሾህ አጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ቆዳ ይዞ የሮጠ ውሻ ሲያባርር አንሸራተተውና ጭቃው ላይ ተዘረጋ። አያ ፈንቴ በሳቅ ፈረሱ።

«አታባርረው እንጂ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ስታባርረው ጨዋታ ይመስለዋል። አንተ ሽሽ፤ እሱ ይከተልህ።»

«እኔ ከውሻ ልሽሽ፣ አያ ፈንቴ?»

«ሽሽ አልኩህ!»

አያ ፈንቴ በወጣትነታቸው ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዳኝ ናቸው። በእሳቸው ፊት ሀብታምና ድኃ የለም፤ ውሻ የሚያውቅና የማያውቅ ብቻ ነው ያለው። ሙሐመድጣሂርም ጀለቢያውን ሰብስቦ ሸሸ።

ውሻው የእሱ አልነበረም። የልጁ የሰፍዋን ነው። ሰፍዋን ከድንበር ማዶ ከገላባት ቡችላውን በጉያው ይዞት መጥቶ ስሙን ብራቅ አለው፤ «ጅግራ አዳኝ አደርገዋለሁ» ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። ሐምሌ ላይ ግን አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከማሽላው ማዶ የቆመውን ትራክተር አይቼ ልምጣ ብሎ እንደወጣ ቀረ። መንገዱ ተፈለገ፣ የጓንግ ወንዝ ዳር ተፈለገ፤ ያን ጊዜ ሳሩ ሰው ይውጥ ነበርና ብዙ ቦታ ሳይረገጥ ቀረ። አጋቾች ይደውሉ ይሆናል ተብሎ ስልክ ተጠበቀ። የደወለ የለም።

እናቱ ረቢዓ ግን አንድ ቃል ይዛ ጸናች። «ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተሻግሯል። ጦርነቱ ስልኩን ዘግቶበት ነው።» ይህን የሚቃወም አንደበት በቤቱ አልነበረም፤ የባሏ አንደበት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ፈሪ ነበር። ውሻው መብላት ትቶ በር በሩን ሲያይ የከረመ ጊዜም ባሏን «አስተምረው፣ አቡ ሰፍዋን» ያለችው እሷ ናት። «ልጄ ሲመጣ ተምሮ ያግኘው።»

ብራቅ ግን ዱላ ቢወረወርለት አያነሳም፤ ቆዳ ቢወረወርለት ይዞ ይሮጣል። «የሚወደውን ነገር ስጡት» አሉ አያ ፈንቴ። ረቢዓ የልጇን ሸሚዝ አሰበች። ለዒድ ከአንድ ጣቃ ሁለት ሸሚዝ አሰፍታለት ነበር፣ ሰማያዊ ሰረዝ ያለበት። አንዱን ለብሶት ሄዷል። ሌላው ሳይታጠብ በረንዳው ላይ ከሚስማር ተንጠልጥሏል፤ እሷም አላሳጥብም ብላ ኖራለች። እጅጌውን ቆርጣ ጭድ ሞላችው፣ የጅግራ ላባ ሰፋችበት፣ የጨርቅ ጅግራ አደረገችው። ብራቅ ሲያሸተው መላ አካሉ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ቀና። አያ ፈንቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ። «አፉ ላይ እንዳለ ደረቱን ዳብሰው፤ ይኩራበት። በቀስታ ተቀበለውና መልሰህ ወርውርለት፤ መስጠት ማጣት እንዳይዶለ ይወቅ። ሦስቴ ብቻ። ገና እያማረው ተው።» ጥርሱም መለስለስ አለበት፤ ወፏ በሕይወት ካልመጣች ቢላ አይደርስባትም፣ ቢስሚላህም በስመአብም ያልተባለባት በክት ደግሞ ለእስላምም ለክርስቲያንም አትሆንም።

«አንዲት ነገር ግን እንዳትረሳ» አሉት አንድ ቀን ሳይስቁ። «ያመጣልህን ሁሉ ተቀበል። አጥንት ቢያመጣ፣ እባብ ቢያመጣ፣ ጎበዝ በለው። አንዴ ከተቆጣኸው ልቡ ይሰበራል።»

ረቢዓ ከበረንዳው ሆና ሰማቻቸው። ውሻ ካለበት ቤት መላእክት አይገቡም ብላ ብራቅን ደጃፏን አስረግጣው አታውቅም፤ ትምህርቱን ግን አንድም ቀን ሳታይ አላለፈችም።

ኅዳር ገባ። ሳሩ ደርቆ ተጋደመ፣ ማሽላው ቀላ። ብራቅ የመጀመሪያዋን ጅግራ አንድ ላባ ሳይጎድላት፣ እየተንፈራገጠች አመጣት። ሙሐመድጣሂር እንደ ልጅ ጮኸ። «ጎበዝ! ጎበዝ!» አለው፣ ተምር አጎረሰው፣ ቢስሚላህ ብሎ አረዳት። ማታ ረቢዓ አንዱን ጭን ለይታ ከደነችው። «የሰፍዋን» አለች። ሙሐመድጣሂር ዐይኑን ከሳህኑ አላነሳም።

በማግስቱ ማክሰኞ፣ ማንም ምንም ሳይወረውርለት ብራቅ ማሽላው ውስጥ ገብቶ ቆየ። ሲመለስ ጭራውን እያወዛወዘ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በአፉ አንድ እግር መርኩብ ይዟል፤ ሱዳኖች የሚጫሙት ያ የቆዳ ጫማ ነው። ቆዳው በዝናብ ተኮማትሯል። ተረከዙ ላይ ከጎማ የተቆረጠ ጥጋን አለ። ጥጋኑን ለሰፍዋን የመታው ራሱ ሙሐመድጣሂር ነበር፣ በሦስት ሚስማር።

ሦስቱን ሚስማር በዐይኑ ቆጠራቸው። ውሻው ግን ቆሞ ይጠብቃል፤ ዐይኑ ያበራል። ቢጮህበት ደስ ባለው፣ በዱላ ቢለው ደስ ባለው። የሰለጠነ እጁ ግን በገዛ ልማዱ ሄዶ ደረቱን ዳበሰ።

«ጎበዝ» አለው። ተምርም ሰጠው።

ዱካውን መከተል ነበረበት። አልተከተለም። ሮጦ የሚያመልጥ ሰውም ጫማ ይወልቅበታል ብሎ ራሱን ተከራከረ፤ ባዶ እግሩን ገዳሪፍ የገባ ስንት አለ። ጫማውን በግቢው ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቀበረ፣ ውሻውንም በሰንሰለት አስሮ ወደ አያ ፈንቴ ሄደ።

ሽማግሌው ሰምተው ጠየቁት። «ሲያመጣልህ ምን አልከው?»

«ጎበዝ አልኩት።»

«ምንስ ሰጠኸው?»

«ተምር።»

«እንግዲያው ውሻው ወደዚያው ይመለሳል» አሉ። «ለረቢዓ ንገራት፣ ልጄ። አብራችሁ ሂዱ። ውሻው ሳይቀድማችሁ።»

አልነገራትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሱ ግን ዝም ካለው የማይደርስ መሰለው። ረቡዕና ሐሙስ ብራቅ ወደ ማሽላው ዞሮ ሲያላዝን ዋለ። ረቢዓ «ምን አጥፍቶ ነው?» ብትለው «አመል አምጥቷል» አላት።

አርብ ለጁምዓ ሶላት ሄደ። ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ከሌላው ሰው ዘግይቶ ተነሳ። ሲመለስ ሰንሰለቱ ተፈቶ መሬት ላይ ተጋድሟል።

የበረንዳውን ደረጃ ሲወጣ መጀመሪያ ዐይኑ የገባችው የጨርቋ ጅግራ ናት። ራሱ እንደሰቀላት ከሚስማሯ ላይ ተንጠልጥላለች። ውሻው ምንም አላመጣም ብሎ ተመስገን ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የቤቱን ውስጥ አየ።

ብራቅ ደጃፉን አልፎ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። ረቢዓ አጠገቡ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ጭቃ የጠጣ፣ የተቀዳደደ ጨርቅ አለ፤ ሰማያዊ ሰረዙ አሁንም ይታያል።

«አሳዝኖኝ ነው የፈታሁት» አለች ቀና ሳትል። «ይዞልኝ ሲመጣ የጨርቋ ጅግራ መሰለችኝ። ጎበዝ አልኩት። ተምርም ሰጠሁት። ኋላ ሚስማሩን ባይ እሷ እዚያው ናት።»

ሙሐመድጣሂር ደጃፉን አልፎ ገባ።

«አልተቆጣሁትም» አለች። «አያ ፈንቴ እንዳሉት ተቀበልኩት።»

ወጥቶ ከኒሙ ሥር መሬቱን በእጁ ጫረ፣ መርኩቡን አምጥቶ ፊቷ አኖረው። ረቢዓ ጥጋኑን በጣቷ ነካችው።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«አራት ቀን» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ልጄን ያለ እኔ ቀበርከው?»

አለቀሰ። ሽማግሌ አይቶት፣ ጎረቤት ሰምቶት እንደሆነ ግድ አልሰጠውም። እሷ ግን ተነሳች፣ ከሳጥኗ አዲስ ነጭ አቡጀዲ አወጣች፣ አጥፋ በክንዷ ያዘች። ውሻ ዳብሶ በማያውቅ እጇ የብራቅን አንገት ዳበሰች።

«ና፣ አቡ ሰፍዋን። የቀረውን እሱ እየለቀመ አያመጣልንም። እኛ እንሂድ።»

ብራቅ ከፊት ሆኖ ማሽላው ውስጥ ገባ። ጥቂት ይሄድና ዞሮ ያያቸዋል፣ ጭራውን እያወዛወዘ ይጠብቃቸዋል። ሁለቱም ባንድ አፍ ጎበዝ አሉት።