የቆመው ሳንቡክ

መምህርት አልጋነሽ የደሴ ልጅ ናት። ሒሳብ እንድታስተምር አሰብ ከተመደበች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። በ1979 ዓ.ም. አንድ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ወደ አገሩ ሲመለስ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር ለትምህርት ቤቱ ሰጥቶ ሄደ። የሚያውቅበት ሰው ስላልነበረ ዳይሬክተሩ ቸሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ አስቀመጠው። አልጋነሽ ለምና ተፈቀደላት። ክረምቱን ሙሉ፣ ሌሎቹ መምህራን ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ደጋ ሲወጡ፣ እሷ ቬንትሌተር ሥር ተቀምጣ የእንግሊዝኛ መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታች አነበበችው።

ጥቅምት ላይ የአራተኛ ክፍል ልጆችን ከትምህርት በኋላ፣ በአሥር ሰዓት፣ መሰብሰብ ጀመረች። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን አላሳየቻቸውም። ከልጆቹ አንዷን፣ ውባንቺን፣ አቆመችና ሌሎቹ እንዲያዟት አደረገች፤ ሦስት እርምጃ ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ፣ አምስት እርምጃ ሂጂ። ውባንቺ እንደታዘዘችው ሄዳ ከግድግዳው ጋር ተላተመች። ልጆቹ ሳቁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የእኛ ነው፣ ቁሚ አላልናትም አሉ። ፕሮግራም ማለት ይኸው ነው አለቻቸው።

ከዚያ በካሬ ወረቀት ላይ ሳንቡክ፣ የቀይ ባሕሩን ባለሸራ ጀልባ፣ ሣሉ። ሸራው ትንሽ ትንሽ እየተነፋ የሚሄድ ስምንት ሥዕል። የተቀባውን ካሬ ሁሉ ወደ ቁጥር ቀይረው በየተራ መተየብ ያዙ፤ ሥዕሎቹን አከታትሎ የሚያሳየውን ትእዛዝም ጻፉ። አባቷ በበይሉል መንደር ዓሣ አጥማጅ የሆነ አንዲት ልጅ ሸራው ነፋስ የሚይዘው እንዲህ አይደለም ብላ ሦስቱን ሥዕል አሳረመቻቸው። ጥር ላይ ሳንቡኩ ከቴሌቪዥኑ ግራ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ቀኝ ጫፍ ሄደ።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ቸሩ ለበላይ ሪፖርት ጻፈ። ሐሳቡም ፕሮግራሙም የእኔ ነው ይላል። አልጋነሽ ሪፖርቱን በአጋጣሚ አይታ ፊት ለፊት ጠየቀችው። በሳምንቱ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ከቤቷ ወሰዷት። ልጆችን በዝግ ክፍል ሰብስባ የምስጢር ቋንቋ ታስተምራለች ተብላ ተጠቁማ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ታሰረች። መርማሪዎቹ የቁጥሮቹን ወረቀት ዘርግተው ለየትኛው ድርጅት የተላከ መልእክት እንደሆነ ጠየቋት። ሳንቡክ ነው ብትል ማን ይመናት። በጥፊ የተመታው የግራ ጆሮዋ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይሰማም። የጠቆማት ቸሩ መሆኑን የነገራት፣ ስትፈታ ያዘነላት አንድ ዘበኛ ነው።

ስትመለስ የልጆቹ የኮምፒዩተር ክበብ የቸሩ ሆኖ ጠበቃት። አላለቀሰችም፣ አቤትም አላለች። ቀን ጠበቀችለት።

ግንቦት ላይ አንድ ባለሥልጣን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተው የልጆቹን ሥራ እንደሚያዩ ተነገረ። ቸሩ ፕሮግራሙ የተቀዳበትን ካሴት አስገብቶ ማስነሣት እንኳ አያውቅም። ቢሮው አስጠራትና ያለፈው አልፏል አላት፤ ሳንቡኩን እንድታዘጋጅ፣ መጨረሻው ላይም የእሱ ስም እንዲወጣ አዘዛት። እሺ አለችው። በኋላ ማንም እንዳይጠይቃቸው ብላ ልጆቹን ከሥራው አራቀቻቸው። ለብቻዋ ተቀምጣ ከፕሮግራሙ መካከል ሁለት መስመር ጨመረች።

እንግዳው መጡ። ቸሩ ክራቫቱን አስሮ ፕሮግራሙን እንዴት እንደጻፈው ረዘም አድርጎ አስረዳ። ማስነሻውን ሲጫን ሳንቡኩ ተንቀሳቀሰ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ባሕሩ መካከል ሲደርስ ግን ቆመ። ከሥሩ የጥያቄ ምልክት ብቅ አለ።

ቸሩ አንዱን ቁልፍ ተጫነ። ከዚያ ሌላውን። የሸሚዙ ጀርባ በላብ ራሰ።

እንግዳው ኮምፒዩተሩ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ጠየቁት። ቸሩ ዞር ብሎ ከኋላ የተቀመጠችውን አልጋነሽን አያት።

"አሻጥር ነው፣ ጓድ። እሷ ናት ያበላሸችው።"

"አሁን እኔ ነኝ የጻፍኩት አላልክም?" አሉ እንግዳው። "የጻፍከውን አውጥተህ አስተካክለዋ።"

ቸሩ ወደ ቁልፎቹ ተመልሶ ጎነበሰ። አልጋነሽ ጭንቀቱ እንዲረዝም ፈለገች። ላቡ ከአገጩ ወደ ክራቫቱ ሲወርድ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። እንግዳው ሲጠሯት ቀስ ብላ ተነሣች፣ የ1 ቁጥርን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫነች። ሳንቡኩ ጉዞውን ቀጠለ።

"አሥራ አንድ ምንድን ነው?" አሉ እንግዳው።

"የታሰርኩበት ቀን ብዛት ነው፣ ጓድ" አለች። "ያሳሰሩኝ ጓድ ቸሩ ናቸው።"

በወሩ ቸሩ ከዳይሬክተርነቱ ተነሥቶ ሩቅ ገጠር ተመደበ። እንግዳው ግን ኮምፒዩተሩንም ለጥናት ይፈለጋል ብለው በመጡበት አውሮፕላን ይዘውት ሄደው ነበር። አልጋነሽ ይህን አላሰበችውም። ውባንቺ በአሥር ሰዓት ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀቻት። አላውቅም አለቻት። ልጅቷ ስታለቅስ አልጋነሽ በራሷ አፈረች። ለቸሩ ግን አላዘነችም።

የሚሄድበት ዕለት የጭነት መኪናዎች መቆሚያ ሄዳ ጠበቀችው። ፍራሹንና ሻንጣዎቹን ተሳቢው ላይ አስጭኖ ጋቢና ሊገባ ሲል አያት።

"ጠገብሽ?" አላት።

"አልጠገብኩም" አለችው። እውነቷን ነበር። መኪናው የኮምቦልቻን መንገድ ይዞ እስኪርቅ ቆማ አየችው፤ ከዚያ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነበራትና ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች።